ባክቴሪያ ዋግን ያቆማል? በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ስለሚነሳው የ«ተፈጥሮ መድኃኒት» ጥያቄ

ነሐሴ አልፎ መስከረም ሲጠባ በደሴ ዙሪያ የስንዴ ማሳ አቋርጦ የወጣ ሰው ሱሪውን ዝቅ ብሎ ያያል። ቢጫ ዱቄት ለብሷል። ዋግ የተባለው የስንዴ የፈንገስ በሽታ ገብቷል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጥያቄ በየዓመቱ ያው ነው፦ መድኃኒት ገብቷል ወይ? ዋጋው ስንት ነው? መርጫ ያለው ማን ነው?

አሁን አሁን በዚህ ጥያቄ መሃል አንድ አዲስ ቃል እየገባ ነው። ባክቴሪያ። በስልክ የሚዞሩ አጫጭር ቪዲዮዎች «ከእንግዲህ ኬሚካል ቀረ» ይላሉ። የሰማው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አልሰማም። አንዱ «ባክቴሪያማ በሽታ አይደል እንዴ፣ እንዴት እህል ላይ ይረጫል?» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው «የተፈጥሮ ከሆነ ምን ይጎዳል?» ብሎ ይዝናናል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

ነገሩ እውነት አለው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፈንገስን የሚገድል ውህድ ይሠራሉ። ይህ ከታወቀና ሥራ ላይ ከዋለ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን አንድ ውህድ የማሽላ ዘር ላይ ጥሩ ሠርቶ የስንዴ ቅጠል ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የበሽታው ስም ነው። የመድኃኒቱ ዘር ማንዘር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ነገሮች

«ባክቴሪያ» በሚለው ቃል ሥር ብዙ ነገር ታጭቋል። ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው ባቄላና ሽምብራ ዘር ላይ የሚታሸውን ባዮ ማዳበሪያ ነው። እሱ ራይዞቢየም ይባላል። ሥራው ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለተክሉ ማቀበል ነው፤ ከዋግ ጋር ጉዳይ የለውም። ሌላው ቢቲ የሚባለው ነው፤ ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ። የሚሸጠው ለአባጨጓሬ እንጂ ለፈንገስ አይደለም። ማሸጊያ ላይ «ባሲለስ» የሚል ስለተጻፈ ብቻ ለዋግ የሚገዛ ሰው ብሩን ሜዳ ላይ በተነው። ትሪኮደርማም አብሮ ሲነሳ ይሰማል። እሱ ደግሞ ባክቴሪያም አይደለም፤ ፈንገስን የሚበላ ፈንገስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ሕያው ባክቴሪያ ነው። በዱቄት ወይም በፈሳሽ ይዘጋጅና ዘር ላይ ይታሻል፣ ወይም ቅጠል ላይ ይረጫል፤ እዚያው ሆኖ ውህዱን ይሠራል። ሁለተኛው ባክቴሪያው የሠራው ውህድ ብቻ ነው። በጋን ይመረታል፣ ይጣራል፣ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይለካል። የመጀመሪያው እንደ እርሾ ነው፤ ካልሞተ ይሠራል። ሁለተኛው እንደ ኮምጣጤ ነው፤ የሠራው ቢሞትም እሱ አለ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሱቅ ስንደርስ ግን ትልቅ ሆኖ ይመለሳል።

25 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ሌላ በሽታ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች ቁልቁለት ውስጥ ግን ሰብሉም በሽታውም ይቀየራል።

ላይ፣ በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበር፣ በለጋምቦ ገብስና ስንዴ ነው። ብርድና ጤዛ የሚወደው ቢጫ ዋግ ይህን አየር ይፈልገዋል። የሚስማማው ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ሲል ይበረታል። የስንዴ ቅጠል ላይ ሴፕቶሪያ የሚባል ነጠብጣብ አለ። ገብስ ላይም የራሱ የቅጠል በሽታዎች አሉ። ታች፣ በቃሉ ወረዳ በኩል፣ ማሽላና ጤፍ ይበዛል። እዚያ ስሙ የሚጠራው አረማሞ ነው። የማሽላው ራስ ሲወጣ ፍሬ መሆን የነበረበት ሁሉ ጥቁር ዱቄት የሞላበት ከረጢት ሆኖ ይገኛል። ሲፈነዳ እጅ ያጠቁራል።

ወሎ ሌላም ጣጣ አለበት። በልግና መኸር ስላለ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ አረንጓዴ ሰብል አይጠፋም። የበጋ መስኖ ስንዴ ሲጨመርበት ዋግ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሻገርበት ድልድይ ይረዝማል። ዋግ ሕያው ተክል ካላገኘ አይቆይም። እኛ ደግሞ ተክል አናሳጣውም። ይህ የመስኖ ስንዴን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባ ወጪ ስለሆነ ነው።

ዋግ ምን ማድረግ እንደሚችል አገሪቱ ሁለቴ በቅርብ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በስፋት ይዘራ የነበረውን ቁብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ፣ ዲገሉን በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ጣለው። አንዱን ጠላት ሲሸሹ ሌላው ደጃፍ ላይ ጠበቀ። «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ ካለው ልምድ የመጣ ነው፤ ከስንፍና አይደለም።

አንድ እፍኝ ድርቆሽ

ባክቴሪያ ለምን ከፈንገስ ጋር ይጣላል? መልሱ ያው የኑሮ ጉዳይ ነው። አንድ ግራም አፈር ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያና ፈንገስ ለአንድ እንጀራ ይጋፋሉ። የተክል ሥር የሚያንጠባጥበው ስኳር ላይ ሁሉም ይረባረባል። የሚያሸንፈው ጎረቤቱን የሚያርቅ ነገር ማመንጨት የሚችለው ነው።

ከነዚህ ባክቴሪያዎች የታወቀው ባሲለስ ሰብቲሊስ ነው። በአውሮፓ የድርቆሽ ባሲለስ የሚል የቆየ ስም አለው። ስሙ ከየት እንደመጣ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። አንድ እፍኝ ድርቆሽ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ውሃው ይጠለላል፣ ይፈላል። መቼም ሁሉ ነገር ሞቷል ተብሎ ይታሰባል። ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ቀን ሲቀመጥ ግን የውሃው ፊት ላይ ቀጭን፣ የተጨማደደ ነጣ ያለ ስስ ቆዳ ይጋርዳል። ፍላት ያልገደለው ባሲለስ ነው። የሚተርፈው ችግር ሲመጣ ራሱን ወደ ጠንካራ ፍሬ ስለሚለውጥ ነው። ይህ ፍሬ ስፖር ይባላል። ሙቀትም ድርቀትም ችሎ ይቆያል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል። በዱቄት ታሽገው ከሚሸጡት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ከባሲለስ ቤተሰብ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ባሲለስና የቅርብ ዘመዶቹ ሊፖፔፕታይድ የሚባሉ ውህዶች ይሠራሉ። ቃሉ ሁለት ነገር ያጣምራል፤ አንዱ ጫፍ ቅባት ነው፣ ሌላው የፕሮቲን ቁራጭ። ግማሹ ቅባት፣ ግማሹ ውሃ የሚወድ ነገር ምን እንደሚሠራ ልብስ ያጠበ ሁሉ ያውቃል። ሳሙና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን የተገኘው ሰርፋክቲን ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ዘመዶቹ ኢቱሪንና ፌንጋይሲን ደግሞ ለፈንገስ የከፉ ናቸው። የፈንገስ ሕዋስ ቅባት ያለበት ስስ ሽፋን አለው። እነሱ እዚያ ሽፋን ውስጥ ይሰነቀራሉ፣ ይበሱታል፣ ውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ይህ ከተለመዱት የዋግ ኬሚካሎች ጋር ሲነጻጸር ደስ የሚል ነገር አለው። ትራያዞል የሚባለው የመድኃኒት ወገን፣ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል ያሉበት፣ ፈንገሱ ለዚያ ሽፋን የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት እንዳይሠራ ይከለክላል። አንዱ ጡቡ እንዳይመረት ያደርጋል፤ ሌላው የቆመውን ግድግዳ ይነድላል። መንገዳቸው የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የተላመደ ፈንገስ ለሌላው የግድ አይላመድም።

ሰርፋክቲን ራሱ ፈንገስ ላይ ደካማ ነው። ግን ተክሉን ይቀሰቅሰዋል። ሥሩ ሲነካው ተክሉ «አንድ ነገር መጥቷል» ብሎ የራሱን መከላከያ ቀድሞ ያዘጋጃል። ሱዶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ሌላ ዘዴ ይጨምራሉ። ብረት የሚለቅም ውህድ አመንጭተው አካባቢውን ያራቁቱታል፤ ፈንገሱ በብረት ርሃብ ይደክማል። ስለዚህ «ባክቴሪያ ፈንገስን ይገድላል» የሚለው አነጋገር ብዙ ዓይነት ጠብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያጭቅ ነው።

ከአፈር ሽታ የተገኘ መድኃኒት

የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ የለም። ያን ሽታ በዋናነት የሚሠሩት ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። ለሰው የምንጠቀምባቸው ብዙ አንቲባዮቲኮች የተገኙት ከነሱ ነው። ለእህልም ከነሱ መድኃኒት የወጣው ቀደም ብሎ ነው።

ጃፓን የሩዝ ብላስት የተባለውን የፈንገስ በሽታ ትዋጋ የነበረው ሜርኩሪ ባለባቸው መድኃኒቶች ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ ሩዙ ውስጥም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1958 ብላስቲሲዲን ኤስ ተገኘ። በሽታውን በትክክል ያቆማል። ግን ሲረጩት ዓይን ይጎዳ ነበር፣ መጠኑ ካለፈም የሩዙን ቅጠል ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ1965 ካሱጋማይሲን መጣ። ይሄኛው ለሰውም ለሩዙም የዋህ ነው። ሁሉም ደስ አለው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ካሱጋማይሲንን የተላመደ የብላስት ፈንገስ ማሳ ላይ ተገኘ።

በዚህች አጭር ታሪክ ውስጥ ዛሬ የምንከራከርበት ሁሉ አለ። ሁለቱም ውህዶች ከአፈር ባክቴሪያ የተገኙ ናቸው፤ አንዱ አደገኛ፣ አንዱ የዋህ። የዋሁም ያለ ልክ ሲረጭ ኃይሉን አጣ። ፎገራ ሩዝ የሚያመርት አገር ላለን ለኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ሌላው ምሳሌ ፒሮልናይትሪን ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃፓን ከሱዶሞናስ የተገኘ ፀረ-ፈንገስ ነው። ችግሩ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈራርሳል። ኬሚስቶች አወቃቀሩን ቀይረው ፀሐይ የሚችል ዘመድ ሠሩለት፤ ፍሉዲዮክሶኒል። ዛሬ በዓለም ላይ የእህል ዘር ከሚታሽባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ታዲያ ፍሉዲዮክሶኒል የተፈጥሮ ነው ወይስ ኬሚካል? ሐሳቡ የባክቴሪያ፣ ሥራው የፋብሪካ። አጥሩ ሰው እንደሚያስበው የጠበቀ አይደለም።

ታዲያ ዋግ ላይስ?

እዚህ ላይ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በየቪዲዮው የሚታየው ክብ የላብራቶሪ ሳህን ነው። መሃሉ ላይ ባክቴሪያ፣ ዙሪያውን ፈንገስ፣ በመካከላቸው ንጹሕ ቀለበት። ፈንገሱ መቅረብ ፈርቷል። ሥዕሉ ዓይን ይስባል፤ ውሸትም አይደለም። ግን የዋግ ፈንገስ እንዲህ ባለ ሳህን ላይ የሚበቅል ዓይነት አይደለም። ሕያው ተክል ይፈልጋል። በሳህኑ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ፉዛሪየም ወይም ሌላ ሻጋታ ነው። ፉዛሪየምን ያራቀ ሁሉ ዋግን ያርቃል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነት ነው። የዋግ ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበት ዱቄት፣ በነፋስ ይመጣል። ቅጠል ላይ ጤዛ ካገኘ በሰዓታት ውስጥ ይበቅልና በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ይገባል። ከገባ በኋላ ላይ የተቀባ ነገር አያገኘውም። ትራያዞል ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚሰርግ ዋግ ከገባ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሊያስቆመው ይችላል። ሊፖፔፕታይድና ሕያው ባሲለስ ግን በአብዛኛው ላይ ነው የሚቀሩት። ቀድመው ቅጠሉ ላይ ከተገኙ የስፖሩን መብቀል ይቀንሳሉ። ዘግይተው ከመጡ ያው ዘግይተዋል። ሱሪ ላይ ቢጫ ዱቄት ከታየ በኋላ ባክቴሪያ መርጨት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሦስተኛው አየሩ ነው። የደሴ ክረምት ቅጠል ያጥባል። ዝናቡ ሲያባራ የሚወጣው የከፍታ ፀሐይ ደግሞ ብዙ የባክቴሪያ ውህዶችን ያፈርሳል። ስለዚህ ደጋግሞ መርጨት ይመጣል። በጀርባ መርጫ፣ ውሃ ከወንዝ እየተቀዳ፣ ዳገት ላይ፣ ሦስትና አራት ጊዜ። ይህን ወጪ ማንም የላብራቶሪ ሳህን አያሳይም።

በግሪንሃውስና በማሳ የተደረጉ ሙከራዎች ባሲለስ ቢጫ ዋግን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሚቀንሰው ግን በከፊል ነው፤ ውጤቱም ከቦታ ቦታ ይዋዥቃል። ለዋግ ዛሬም ዋናው መከላከያ የሚቋቋም ዝርያ ነው። ቀጥሎ በጊዜ መረጃ ማግኘትና በወቅቱ መርጨት ነው። ባክቴሪያ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ የኬሚካሉን ዙር ከሁለት ወደ አንድ ለማውረድ። ብቻውን ግንባር ላይ ማቆም ግን ለገበሬው አይታዘንለትም ማለት ነው።

ዘሩ ላይ ግን ሌላ ታሪክ አለ

አብሽር የሚያሰኘው እዚህ ጋ ነው። ሽፍን አረማሞ የሚባለው፣ ዱቄቱ በከረጢት የተሸፈነው የማሽላ በሽታ፣ ስፖሩ የሚጓዘው በዘሩ ላይ ተለጥፎ ነው። በውቂያ ጊዜ ጥቁሩ ከረጢት ይፈነዳና ጤነኛውን ዘር ሁሉ ያለብሰዋል። ዘሩ ሲበቅል ፈንገሱም አብሮ ይነቃል፤ ችግኙን ከአፈር ሳይወጣ ይይዘዋል። ከዚያ ማሽላው ራስ እስኪያወጣ ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል።

ይህ ለባክቴሪያ የተመቸ ጦርነት ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ የዘሩ ገጽ። ጨለማ ነው፤ ፀሐይ የለም። ዝናብ አያጥበውም። ጊዜውም የታወቀ ነው፤ ከመዝራት እስከ መብቀል ያሉት ጥቂት ቀናት። መጠኑም ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሄክታር የሚበቃ የማሽላ ዘር በአንድ ማዳበሪያ ግርጌ ያልቃል።

ስዊድን ይህን በተግባር አሳይታለች። ሱዶሞናስ ክሎሮራፊስ የተባለ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሴዶሞን በሚል ስም ለገብስ ዘር ማሻ ሆኖ ገበያ ገባ። ለስንዴ የሚሆነው ወንድሙ ሴራል ይባላል። በዘር የሚተላለፉ የገብስ በሽታዎችን ተቆጣጥሯል። ግን እዚያም ድንበር አለ። ውስጥ ለውስጥ በዘሩ ፅንስ የሚተኛ አረማሞ አለ፤ ገብስና ስንዴ ላይ የሚታየው ልቅ አረማሞ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ላይ ሆኖ እሱ ጋ አይደርስም። አፈር ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ የማሽላ ራስ አረማሞም አለ፤ ለእሱም የዘር ማሻ እምብዛም አይበቃውም። ስለዚህ «አረማሞ» ብሎ መጥራት ብቻ አይበቃም። የትኛው አረማሞ?

እዚህ ጋ ወደ ጎን ልበል። በአገራችን ማሽላ አብቃይ አካባቢዎች ዘርን በከረመ የከብት ሽንት አሽቶ መዝራት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ተመራማሪዎችም ፈትሸውታል። ሽንት ሲከርም ለምን ይሰነፍጣል? ባክቴሪያዎች ውስጡ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ስለሚቀይሩት ነው። አሞኒያ የፈንገስ ስፖርን ይጎዳል። ገበሬው ላብራቶሪ ሳይገባ የባክቴሪያ ሥራን ለዘር ማከሚያ ሲጠቀም ኖሯል ማለት ነው። ስሙን በላቲን አለመጥራቱ ብቻ ነው።

አፈርም ራሱን ሲያክም ታይቷል። ቴክ-ኦል የሚባል የስንዴ ሥር በሽታ አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሆላንድና በአውስትራሊያ ስንዴ በስንዴ ላይ ለዓመታት በተዘራበት መሬት በሽታው መጀመሪያ ይብሳል፣ ከዚያ በራሱ ይቀንሳል። ምክንያቱ ሲፈለግ ሥሩ ዙሪያ የበዙ ሱዶሞናሶችና የሚሠሩት ፀረ-ፈንገስ ውህድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ስንዴን በስንዴ ላይ መዝራትን የሚያበረታታ ምክር አይደለም። እስኪቀንስ ያሉትን ክፉ ዓመታት ማን ይከፍላል?

«የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

ይህን አባባል ወሎ ውስጥ መናገር ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 78 በወሎ ሰዎች ጣታቸውና እግራቸው እየጠቆረ የሚበላሽበት በሽታ ተነስቶ ነበር። ምክንያቱ ኤርጎት ነበር። ስናር ላይ የሚበቅል ፈንገስ ከገብሱ ጋር ተቀላቅሎ ተበላ። ኤርጎት የሚያመነጨው መርዝ መቶ በመቶ የተፈጥሮ ነው። ሻጋታ የያዘ በቆሎና ማሽላ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲንም የተፈጥሮ ነው።

ባክቴሪያዎቹም ሁሉ መላእክት አይደሉም። ቡርክሆልደሪያ ሴፓሺያ የተባለ ባክቴሪያ ፈንገስ በመግደል የተዋጣለት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለሰብል ተመዝግቦም ነበር። በኋላ ሳንባቸው የታመመ ሰዎችን ክፉኛ እንደሚያጠቃ ሲታወቅ ከገበያ ወጣ። የባሲለስ ቤተሰብም ውስጥ ምግብ የሚመርዝ ዘመድ አለ፤ ባሲለስ ሴሪየስ። ባሲለስ ሰብቲሊስ ግን ጃፓኖች ናቶ የተባለውን የአኩሪ አተር ምግባቸውን የሚያቦኩበት ነው። ስለዚህ የዝርያው ስም ብቻ አይበቃም። ስትሬኑ፣ ማለትም የዚያ ዝርያ የተለየ ትውልድ ከነቁጥሩ፣ መታወቅ አለበት።

በሌላ በኩል የሚፈሩት ሰዎች የሚሉትም ተመዝኖ መታየት አለበት። «ባክቴሪያ እህሉን ይበክላል» የሚለው ስጋት ዘር ላይ ለታሸ ባሲለስ እምብዛም አይሠራም። ባሲለስ ቀድሞም አፈሩ ላይ፣ ጭዱ ላይ፣ የምንበላው እህል ላይ አለ። ከዚህ ይልቅ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ኬሚካል የሚረጨው ሰው ጤና ነው ሊያሳስብ የሚገባው። ኤፖክሲኮናዞል የተባለው የዋግ መድኃኒት ቅመም በአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቷል። «ኬሚካሉን ምን አስቀረው?» ብለው የሚጠይቁ የባክቴሪያ ደጋፊዎች ከባዶ አልተነሱም።

ባክቴሪያውን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች የሚያነሱት ተቃውሞም መሠረት አለው። ያልተረጋገጠ ነገር ይዞ የሄደ ገበሬ አንድ ወቅት ካጣ ዓመቱን አጣ። «በከፊል ይቀንሳል» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው ግን በከፊል ማለት የልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ነው።

ሱቁ ጋ ስንደርስ

በአገራችን ፀረ-ተባይ እንዲመዘገብ በ2002 ዓ.ም. የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥቶ ነበር፤ ሥራው አሁን በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እዚህ አገር ተሞክሮ ያልታየ መድኃኒት አይሸጥ። ለባክቴሪያ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ኬሚካል ስዊድንም ቃሉም ያው ኬሚካል ነው። ሕያው ነገር ግን አፈሩንም ሙቀቱንም ይመርጣል። የአገራችን ተመራማሪዎች ከራሳችን አፈር የሚለዩዋቸው ባክቴሪያዎች እዚህ ላይ ጥቅም አላቸው፤ አየሩን ለምደውታል። ከላብራቶሪ ወጥቶ ማሳ ላይ ለዓመታት መሞከር ግን ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ከዚያ ማከማቻው አለ። ስፖር የሚሠራው ባሲለስ የቆርቆሮ ቤት ሙቀት ሊችል ይችላል። ስፖር የማይሠራው ሱዶሞናስ አይችልም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ መጋቢት ውስጥ ፀሐይ የመታው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ወር የከረመ ጠርሙስ ውስጡ ሁሉ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሞቶም መልኩ አይለወጥም፣ ሽታውም ያው ነው። ሻጩም ሳያውቅ የሞተ ይሸጣል፣ ገዢውም «ባክቴሪያ አይሠራም» ብሎ ለጎረቤቱ ያወራል። ይህ ወሬ ከተነሳ ጥሩውም አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ማሸጊያ ላይ የሚታዩ ጥቂት ነገሮች አሉ። የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነስትሬኑ። በግራም ስንት ሕያው እንዳለ። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን። በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ። ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው በሽታ እንደተመዘገበ። «ለሁሉም በሽታ» የሚል ከሆነ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ነው።

በቃሉ በኩል ቶሎ የማይደርሰው የማሽላ ዘር መሬት የሚገባው ሚያዝያ አካባቢ ነው። የዘር ማሻ ለመሞከር ያሰበ ማኅበር ወይም ወረዳ ከአንድ ማሳ ላይ ጥቂት መስመር ታሽቶ፣ አጠገቡ ጥቂት መስመር ሳይታሽ መዝራት ይበቃዋል። ልዩነቱ ማሽላው ራስ ሲያወጣ በዓይን ይቆጠራል፤ ጥቁሩ ራስ አይደበቅም። ለዚህ ዘሩና ማሻው መጋቢት ላይ እጅ መግባት አለባቸው። መስከረም ላይ የስንዴው ዋግ ሲያስጨንቅ የሚጀመር ንግግር ለማሽላው የሚደርሰው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።